ሰባተኛው አንጓ

አባቴን ከሞት ያዳንኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቢያንስ ለጥቂት ወራት እንደዚያ ብዬ አምን ነበር።

ትራሞቹ ከግላስጎው ጎዳናዎች በተነሱበት ዓመት ነው። የምንኖረው ፓርቲክ በሚባል ሰፈር፣ ከመርከብ መሥሪያው ብዙም በማይርቅ ፎቅ ላይ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። እናቴ ዶሊናም አባቴ ቶርኪልም የሉዊስ ደሴት ሰዎች፣ ያውም የአንድ መንደር ልጆች ናቸው። እርስ በርሳቸው በደሴቲቱ ቋንቋ፣ በጌይሊክ ያወራሉ፤ ወደ እኔ ሲዞሩ ወዲያው እንግሊዝኛ ይሆናሉ። ትምህርት ቤት እንዳልቸገር ብለው ነው። ስለዚህ የቤታችን ቁም ነገር ሁሉ የሚገባኝ በግማሽ ነበር። ዳቦ፣ ዝናብ፣ ባሕር፣ ዝም በይ፣ ሞተ የሚሉትን ቃላት አውቃለሁ፤ በመካከላቸው ያለውን ባዶ ግን ራሴ እሞላዋለሁ። መሙላት ደግሞ አያቅተኝም።

አርብ አርብ ከራት በፊት እናቴ ወደ ጌይሊክ ማኅበር ትወስደኛለች። ማኅበሩ የሚሰበሰበው ከቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለ አዳራሽ ነው። ገና በሩ ሲከፈት የእርጥብ ካፖርት፣ የጋዝ ምድጃና የቆየ ሻይ ሽታ ይቀበለናል። እኛ ልጆቹ በጎን ባለች ክፍል ጌይሊክ ስንማር፣ ትልልቆቹ በአዳራሹ መዝሙር ያጠናሉ። ሴቶቹ አብዛኞቹ ነርሶችና የሰው ቤት ሠራተኞች ነበሩ። ከኋላ ቆመው በወፍራም ድምፅ የሚያጅቡት ወንዶች ደግሞ ግማሾቹ ፖሊሶች ናቸው፤ የደሴት ሰው ቁመቱ ስለሚረዝም የከተማው ፖሊስ ይወደዋል። ከሥራ በቀጥታ የሚመጡት ቆባቸውን በመስኮቱ ደፍ ላይ ይደረድሩታል።

አባቴ ግን አንድም ቀን እግሩን አስገብቶ አያውቅም። «እዚያ ሄጄ ምን ልፈይድ? ድምፄ እንደሆነ የመጋዝ ነው» ይላል። እኔ በእጁ የሚያፍር ይመስለኝ ነበር። ጣቶቹ በብየዳ የተለበለቡ፣ ጥፍሮቹ የጠቆሩ ነበሩ።

መዘምራኑን የሚመራውም እኛን የሚያስተምረውም ሚስተር ማክአስኪል ነው። ግላስጎው ተወልዶ ያደገ፣ ጌይሊክን ከመጽሐፍ የተማረ፣ ቀጭን፣ መነጽራም ሰው ነበር። እናቴ ታሾፍበታለች፤ «ማክአስኪል ጌይሊክ ሲናገር ሬሳ ነው የሚመስለው። በጣም ታጥቦ፣ በጣም ተስተካክሎ፣ ሕይወት ብቻ ሲቀረው» ትላለች። ነገር ግን የእሷን ድምፅ ሲሰማ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን የሚጨፍነው እሱ ብቻ ነበር። በሴፕቴምበር መጨረሻ በሚደረገው የማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ብቻዋን እንድትዘምር የመረጣትም እሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እናቴ፣ ማክአስኪልና እኔ አክስቴ ኦይሪክ የምንላትን አሮጊት ልንጠይቅ ወደ አረጋውያን ቤት ሄድን። ማክአስኪል እንደ ሻንጣ የከበደ የድምፅ መቅጃ ተሸክሞ እየተንገዳገደ ነበር። ኦይሪክ የእነ እናቴ መንደር ሰው ናት፤ ዓይኗ ጠፍቷል፤ ግን የማታውቀው ዜማ የለም።

«ጀምሪ ስትሉኝ ነው የምጀምረው ወይስ ይኼ ሳጥን ሲያዝዘኝ?» አለች።

«እርስዎ ሲፈልጉ» አለ ማክአስኪል።

ዘመረች። ረጅም የሐዘን እንጉርጉሮ ነበር፤ አንጓው አያልቅም። እኔ የአልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የመቅጃውን መንኮራኩር እመለከታለሁ። ስድስት አንጓ ከዘመረች በኋላ አቆመች።

«ሰባተኛውንም ይበሉት አክስቴ» አለች እናቴ።

«ሰባተኛውን? ባልሽ ያውቃል?»

«ይበሉት ግድ የለም።»

አሮጊቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዘመረችው። እናቴ እጇን ዘርግታ ራሷ መቅጃውን አጠፋችውና ሦስቱም አንገታቸውን አቀራርበው በሹክሹክታ ተያያዙት። «ሩዋሪ» ሲሉ ሰማሁ። «ቶርኪል» ሲሉ ሰማሁ። ባሕር፣ እጅ፣ ደግሞም ከመስጠም ጋር የተያያዘች አንዲት ቃል፤ እሷ ሦስት አራት ጊዜ ተደጋገመች።

በአውቶቡስ ስንመለስ ጠየቅኳት። «እማዬ፣ ሩዋሪ ማነው?»

«ወንድሜ።»

«የት አለ?»

«ባሕር ውስጥ» አለች፣ ገበያ ሄዷል የምትል ያህል ረጋ ብላ።

«አባዬ ያውቀው ነበር?»

«አብረው ነበሩ» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ያን ቀን ያልገባኝን ዛሬ አውቃለሁ። ከመወለዴ ጥቂት ዓመታት በፊት አራት ወጣቶች ለዓሣ ወጥተው ማዕበል ጀልባቸውን ገለበጠባቸው። ሁለቱ ወዲያው ጠፉ። አባቴ በተገለበጠችው ጀልባ ላይ ተንጠልጥሎ ሩዋሪን በሹራቡ አንገት ይዞ አደረ። ጠዋት ሰዎች ሲደርሱለት ብቻውን ነበር። የሩዋሪ እናት፣ ማለትም የእናቴ እናት፣ የልጇን ሬሳ እንኳ ሳታገኝ ያንን የሐዘን እንጉርጉሮ ገጠመች። ሰባተኛው አንጓ እንዲህ ይላል፦

አራት ሆነው ወጥተው፣ አንድ ብቻ ገባ፤
በእጁ የያዘውን ልጄን የት አገባ?

ይኼን በየለቅሶው ቤት ዘመሩት። አባቴ በገባበት ሁሉ ዝም ይባላል፤ ሲወጣ ይዘመራል። እናቴ እሱን ስታገባ እናቷ ሠርጓ ላይ አልመጣችም። ግላስጎው የመጡትም ስለዚህ ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰባተኛውን አንጓ በቃሉ የሚያውቅ ቢያንስ ስድስት ሰው ነበር፤ አባቴ በሩን ያልረገጠው በጣቶቹ አፍሮ አልነበረም።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ቤታችን ተለወጠ። እናቴ ዕቃ ስታጥብ ታንጎራጉራለች፤ አባቴ ሲገባ በመሃል ትቆርጠዋለች። የትራስ ልብስ ውስጥ የምትደብቀው ወረቀት ነበራት፤ በእርሳስ ትጽፍበታለች፣ ትሰርዛለች፣ እንደገና ትጽፋለች። ስታንጎራጉር ያቺን ቃል ሰማኋት፤ ሩዋሪ፣ ቃሏ፣ ወዲያው ደግሞ ቶርኪል። በእኔ ግማሽ ጌይሊክ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር፦ ሩዋሪን ቶርኪል አሰጠመው።

ማመን አልፈለግኩም። ነገር ግን በቀጣዩ አርብ ካፖርቶቹ ከሚሰቀሉበት ክፍል ጓንቴን ስፈልግ፣ ከካፖርቶቹ ማዶ እናቴንና ማክአስኪልን ሰማኋቸው። ማክአስኪል ሲጨነቅ ወደ እንግሊዝኛ ይሸሻል፤ ስለዚህ አንድም ቃል አላመለጠኝም።

«ዶሊና፣ ደግመሽ አስቢበት። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት?»

«በሰው ፊት ነው መሆን ያለበት። ያኔም በሰው ፊት ነበር።»

«ስሙን ትጠሪያለሽ?»

«በስሙ ነው የምጠራው።»

«እሱስ? ነግረሽዋል?»

«ከነገርኩት አይመጣም። ግንባር ቀደም ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ። ይስማው።»

ካፖርት ውስጥ ፊቴን ቀበርኩ። ያን ጊዜ ሰው ይሰቀል ነበር። በከተማችን ወህኒ ቤት ስለተሰቀሉት ሰዎች በትምህርት ቤት ግቢ የማያወራ ልጅ አልነበረም፤ ገመዱ ስንት ክንድ እንደሆነ የሚያውቁ ነበሩ። እናቴ አባቴን በእነዚያ ሁሉ ፖሊሶች ፊት በስሙ ጠርታ ልትከስሰው ነው። ለምን እንደሆነ እንኳ ይገባኝ ነበር፤ ወንድሟ ነዋ።

ጉባኤው ቅዳሜ ከሰዓት በዘጠኝ ሰዓት ነበር። እናቴ ቀድማ ሄደች። ከመሄዷ በፊት የአባቴን የሸሚዝ ኮሌታ አስተካከለችለትና «ለእኔ ብለህ፣ አንድ ጊዜ» አለችው። እሱም «እሺ አልኩሽ አይደል» አላት። ፀጉሩን ተቆርጦ ነበር። ጥፍሮቹን በብሩሽ ሲፈትግ ውሃው ጠቆረ። ጫማውን ሲወለውል ያፏጭ ነበር፤ አባቴ ደግሞ የሚያፏጭ ሰው አይደለም።

እጄን ይዞኝ ሄድን። የአዳራሹ በር ላይ ሰዎች እየተጨባበጡ ይገባሉ። ሁለት ፖሊሶች ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ሲያልፉ ሳይ እግሬ ተተከለ።

«ምነው ሾናክ?»

«አባዬ፣ አትግባ።»

«እንዴት አልገባም? ፀጉሬን እንኳ ተቆርጬ!»

«እማዬ ልትናገርብህ ነው።»

«ምን ብላ?»

«ሩዋሪን አንተ እንዳሰጠምከው። በመዝሙሩ ውስጥ። ስምህን ትጠራለች። ፖሊሶች አሉ ውስጥ። ሩጥ አባዬ፣ አሁኑኑ ሩጥ!»

ቢስቅ ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ያበቃ ነበር። ቢቆጣም እንኳ። እሱ ግን ደሙ ከፊቱ ሲወርድ አየሁት። ከዚያ ጎንበስ አለ።

«ይኼን ያለችው ራሷ ናት? ዶሊና?»

«በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አልኩ።

ውሸት ነበር፤ እኔ ግን መዋሸቴን አላወቅኩም። የሰማሁትንና የሞላሁትን መለየት አልችልም ነበር።

አባቴ የካፖርቴን ቁልፎች አንድ በአንድ እስከ አንገቴ ድረስ ቆለፈልኝ። «ግቢ። ለእናትሽ...» አለና አልጨረሰውም። ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ሄደ። በእርጋታ ነበር የሚራመደው፤ ለምን አይሮጥም ብዬ ተናደድኩ።

ግንባር ቀደም ወንበር ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ፤ ከጎኔ ያለው ባዶ ነበር። እናቴ በሰማያዊ ቀሚሷ ወጣች። ወንበሩን አየች፣ በሩን አየች፣ እንደገና ወንበሩን። ማክአስኪል እንዲያቆየው ፈልጋ ዘወር ብትልም እሱ ምልክቱን ሰጥቶ ነበር።

ስድስቱን አንጓዎች ባዶውን ወንበር እያየች ዘመረች። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ከኋላዬ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ አንዲት ሴት «አትለውም፣ አትለውም» ስትል ሰማኋት። እናቴ አገጯን ቀና አድርጋ ጀመረች። ሩዋሪ። ያቺ ቃል። ቶርኪል። አዳራሹ በአንድነት ትንፋሹን የሳበ መሰለኝ። ከዚያ ልቅሶ ሆነ። ከመዘምራኑ ኋላ የቆመ አንድ ግዙፍ ፖሊስ እጁን ኪሱ ውስጥ ሲከት የእጅ ካቴና ሊያወጣ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው በመሐረብ አፍንጫውን እያበሰ ነበር።

እናቴ ጭብጨባውን ሳትጠብቅ ወርዳ መጣች። «አባትሽስ?»

«አየር ልቀበል ብሎ ሄደ።»

«መቼ? ስዘምር? በሩ ላይ ሆኖ ሰምቷል?»

«አላውቅም» አልኩ።

ሰኞ ከመርከብ መሥሪያው አንድ የሥራ ጓደኛው መጣ። ቆቡን በእጁ እያሽከረከረ፣ ቶርኪል ሊዝ ወደብ ሄዶ ወደ ደቡብ ዋልታ ከሚሄዱት ዓሣ ነባሪ አዳኞች ጋር መፈረሙን ነገረን። እስከ ሜይ አይመለስም። እናቴ ሰውየውን አመሰገነችው፣ በሩን ዘጋች፣ ካፖርቷን ለበሰች፣ መልሳ አወለቀችው። ከዚያ ለራሷ በጌይሊክ አንድ ነገር ተናገረች፤ ይኼኛውን ሙሉ በሙሉ ተረዳሁት። «ያባረርኩት እኔ ነኝ» ነው ያለችው።

ከዚያ በኋላ ወደ መዘምራኑ አልተመለሰችም። እኔን ግን አርብ አርብ መላኳን አላቋረጠችም። በዚያ ክረምት እሷ እየከሳች ስትሄድ እኔ ኩራት ኩራት ይለኝ ነበር። አባቴ በበረዶ አገር ነው፤ ፖሊስ እዚያ አይደርስም፤ ያዳንኩት እኔ ነኝ። እናቴ ደብዳቤ ስትጽፍ ሳይ ተመልሶ እንዲያዝ እያባበለችው ይመስለኝና በውስጤ እቆጣታለሁ። የእሱ መልሶች አጫጭር ነበሩ። ብርድ ነው፤ ደህና ነኝ፤ ሾናክን ሳሚልኝ።

ፌብሩዋሪ ውስጥ ነው። ማክአስኪል በሰሌዳው ላይ ሁለት ቃላት ጻፈ፤ ሰጠመ፣ አሰጠመ። በጌይሊክ ሁለቱን የሚለያቸው በቃሉ ጫፍ ያለች፣ ቸኩሎ የሚናገር ሰው የሚውጣት ትንሽ ድምፅ ናት። «አንዱ ራሱ ላይ የደረሰ ነው፤ አንዱ በሌላ ላይ ያደረሰው ነው። ምሳሌ!» አለ።

«የአክስቴን ድመት አሰጠምኳት» አለ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ። ክፍሉ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። የእናቴን መስመር በከንፈሬ ሞከርኩት። ያቺ ትንሽ ድምፅ የትኛው ጋ እንደነበረች በጆሮዬ ፈለግኳት። አገኘኋት። እጄን አወጣሁ።

«ሚስተር ማክአስኪል፣ እማዬ የዘመረችው... ሰባተኛው... ምን ማለት ነው?»

ጠመኔውን አስቀመጠ። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ከቦርሳው አንድ ወረቀት አውጥቶ ቀስ እያለ ተረጎመልኝ። የአያቴን አንጓ እናቴ አውጥታው ኖሯል። በእሱ ፈንታ የራሷን አስገብታ ነበር፦

ሌሊቱን በሙሉ፣ ማዕበል እያየለ፣
ሩዋሪ ሰጠመ፣ ቶርኪል ይዞት ሳለ፤
ሲነጋጋ የዛልክ፣ ክንድህ የቆሰለ፣
ና ግባ ቶርኪል ሆይ፣ ቦታህ በቤት አለ።

«አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ይኼን ልትሰጠው ነበር» አለ ማክአስኪል። «እሱ ግን ከበሩ ተመለሰ። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እኔም በጣም አዝናለሁ፣ እኔ ነኝ የገፋፋኋት።» መነጽሩን አውልቆ ነበር። አንድ ሰው ብቻ እንደሚያውቅ፣ ያቺም ሰው ፊቱ እንደቆመች አልነገርኩትም።

ወደ ቤት ሮጥኩ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ፤ እናቴ ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ ተቀምጣለች።

«እማዬ።»

«ምነው?»

ዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል።

«ወተት አለ?» አልኩ።

ሜይ ላይ አባቴ መጣ። ጢሙ አድጓል፤ የዓሣ ነባሪው ዘይት ሽታ ቆዳው ውስጥ ገብቷል። እናቴ ምድጃው ጋ ቆማ ቀረች። ለእኔ «ውጪ ተጫወቺ» አለችኝ፤ እኔ ግን ደረጃው ላይ፣ ከበሩ ጀርባ ተቀመጥኩ። ከዚያ የአባቴ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣ ረዘም ላለ ጊዜ። አሁን እየነገራት ነው አልኩ። ጉልበቴን አቅፌ እስክጠራ ጠበቅኩ። በመጨረሻ የሰማሁት የእናቴን መዝሙር ነው፤ አንዲት አንጓ ብቻ፣ እንደ ሹክሹክታ። አባቴ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን ድምፅ አሰማ። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ መስማቴ የመጀመሪያዬ ስለነበር ሳል መሰለኝ።

ማንም አልጠራኝም። ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ። አባቴ ሌላ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረ። በየዓመቱ ጉባኤ እየመጣ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ በክፉ ዓይን አላየኝም፤ እኔም አንድ ጊዜ እንኳ ደፍሬ አልተናገርኩም።

የተናገርኩት ባለፈው ክረምት ነው። እናቴ ሰማንያ ስምንት ሆኗታል። ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ብርቱካን ስልጥላት፣ ሳላስበው ወጣኝ።

«እማዬ፣ ያን ጊዜ አባዬን ያባረረው ያንቺ መዝሙር አይደለም። እኔ ነኝ። ገዳይ ነህ ብላ ልትከስስህ ነው አልኩት።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«በመጣ ዕለት ነገረኝ።»

«ሃምሳ ሰባት ዓመት! ለምን ዝም አላችሁኝ?»

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?»

«መዘመርሽን የተውሽው በእኔ ምክንያት መስሎኝ ነው የኖርኩት» አልኳት።

«ኤዲያ! አባትሽ በሌለበት በምን እንበላ መሰለሽ? አርብ አርብ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ፈረቃ ገባሁ። ስመለስማ ማክአስኪል ቦታዬን ለዚያች ለስካይ ደሴቷ ሴትዮ ሰጥቶብኝ አገኘሁት። አፍንጫዋ ነው የሚዘምረው፣ አምላክ ይማራትና።» ንዴቷ ገና ትኩስ ነበር።

«አባዬስ? አልተናደደብኝም?»

ብርቱካኗን ከእጄ ወሰደች። «አባትሽ ‹ልጅቷ ሰው ገድሏል ብላ አምናለች ዶሊና፣ እያመነችም ሩጥ አለችኝ› አለ። ‹በዚያ መንደር አንድ ሰው እንዲህ ብሎኝ አያውቅም› አለ። ‹እንዳትነግሪያት፣ መሳሳቷን ካወቀች ሌላ ጊዜ ለሰው አትሮጥም› ብሎ አስማለኝ።»

ከዚያ በሕይወቴ ሙሉ ልጠይቅ የፈራሁትን ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ አባዬ እጁን ሲለቅ... አጎቴ ሞቶ ነበር?»

«እሱን አባትሽ አያውቅም። ጨለማ ነበር፣ እጁ ደንዝዞ ነበር። ሳላገባው በፊት ጠየቅኩት፤ አላውቅም አለኝ። በመንደሩ ያለ ሰው ሁሉ አውቃለሁ ባይ ነበር። አላውቅም ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ያገባሁትም ለዚያ ነው።»